ቅዳሜን ካልጠበቅሽ አልዳንሽም ለተባለችው እህት

እህቴ ሰላም ላንቺ ይሁን። ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ሌላ ሰውም ስለሚያነበው ባጭሩ ልድገመው፦ ኩዌት ሰው ቤት ነው የምትሠሪው፣ ጌታን ካመንሽ ሁለት ዓመት ሆኖሻል፣ ፈቃድ ስታገኚ ዓርብ ዓርብ ቸርች ትሄጃለሽ። ከዛ አንዷ ጓደኛሽ ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አስገባችሽና እዛ በሚለቀቀው ቮይስ ሁሉ "ቅዳሜን የማይጠብቅና በኦሪት የተከለከለ ምግብ የሚበላ አልዳነም፣ ጸጋ ጸጋ የምትሉት የሰነፎች ማምለጫ ነው" ይባላል። አንቺ ደሞ ቅዳሜ ማዳም እንግዳ የምትቀበልበት ቀን ስለሆነ ከሌላው ቀን ሁሉ በላይ የምትለፊበት ነው፣ እቤቱ የሚበላው ሩዝም ግማሹን ጊዜ ሽሪምፕ አለበት። "እንቅልፍ አጣሁ፣ ድነቴ ጠፍቷል ወይ?" ነው ያልሽው።

አልጠፋም። ረጅም ስለምጽፍ መሃል ላይ ሥራ ቢጠራሽ መልሱን ሳታገኚ እንዳትሄጂ ብዬ ነው ከፊት ያስቀመጥኩት። የቀረው ለምን እንዳልጠፋ ነው፣ እሱን ደሞ ማወቅ አለብሽ ምክንያቱም ነገ ሌላ ግሩፕ ሌላ ዝርዝር ይዞ ይመጣብሻል።

እኔ አዲስ ኪዳን የማስተምር ሰው ነኝ፣ ከመልእክቶቹ ደሞ አብዝቼ የማስተምረው ገላትያን ነው፣ እና ያንቺ ጥያቄ አዲስ አይደለም፣ ገላትያ ራሱ የተጻፈው ለዚሁ ጥያቄ ነው። ጳውሎስ በዛሬዋ ቱርክ መሃል ባለው አገር ለአሕዛብ ወንጌል ሰበከ፣ ሰዎቹ አመኑ፣ መንፈስ ቅዱስን ተቀበሉ፣ እሱ መንገዱን ሲቀጥል ሌሎች አስተማሪዎች ከኋላ መጡባቸው። እነዚህ አስተማሪዎች ኢየሱስን ካዱ አላሉም፣ ይሄን ልብ በይልኝ። ኢየሱስ መሲሕ ነው፣ በሱ ማመናችሁም ጥሩ ነው፣ ግን ይጎድላችኋል፣ መገረዝ አለባችሁ፣ ቀንና ወር መጠበቅ አለባችሁ ነው ያሉት። ከክርስቶስ ላይ ምንም አልቀነሱም፣ ጨመሩበት እንጂ። የጳውሎስ ቁጣ ደሞ እዚህ ጋ ነው። አብዛኞቹን መልእክቶቹን ብታዪ ከሰላምታው ቀጥሎ ስለ እናንተ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ ይላል፣ የቆሮንቶስን ሰዎች እንኳ ያን ሁሉ ጉዳቸውን ይዘው አመስግኖላቸዋል፣ ገላትያ ላይ ግን ምስጋና የሚባል ነገር የለም፣ ሰላም ብሎ ወዲያው ወደ ተግሳጽ ነው የገባው። "ቀንንና ወርን ዘመንንም ዓመትንም በጥንቃቄ ትጠብቃላችሁ፣ በከንቱ ደክሜ ይሆን ብዬ እፈራለሁ" የሚል ነገር ምዕራፍ 4 ላይ አለ፣ ግሩፑ ውስጥ ይሄን ቁጥር አንብበውልሽ ያውቃሉ?

ከዛ አንድ ጥያቄ ይጠይቃቸዋል፣ 3፥2 ላይ፦ "ይህን ብቻ ከእናንተ እንድማር እወዳለሁ፤ በሕግ ሥራ ወይስ ከእምነት ጋር በሆነ መስማት መንፈስን ተቀበላችሁን?" ይሄን ጥያቄ ለራስሽ ጠይቂው። የዛሬ ሁለት ዓመት ስታምኚ፣ ያ ሰላም ሲመጣልሽ፣ የትኛውን ሰንበት ጠብቀሽ ነበር? የትኛውን ምግብ ትተሽ ነበር? ምንም። ሰማሽ፣ አመንሽ፣ በቃ። እግዚአብሔር ሳትጠብቂ ተቀብሎሽ ሲያበቃ ሁለት ዓመት ቆይቶ ሒሳቡን አስታውሶ አልመጣብሽም።

መጨመር ለምን ይህን ያህል ከበደው ብትዪ፣ አንቺ ለእናትሽ ብር ትልኪያለሽ አይደል? እናትሽ ወር ሲደርስ ከጎረቤት ተበድራ "እንኪ የላክሽውን ግማሹን" ብትልሽ ደስ አይልሽም፣ ይከፋሻል፣ ምክንያቱም ስጦታሽን ብድር አደረገችው። ጳውሎስ "ጽድቅስ በሕግ በኩል ከሆነ እንኪያስ ክርስቶስ በከንቱ ሞተ" ሲል እንደዛ ነው። ትንሽ ነገር ብትጨመርም ነገሩ ሌላ ሆነ ማለት ነው፣ የሚታመነው ክርስቶስ መሆኑ ቀርቶ የተጨመረችው ነገር ትሆናለች። በራስሽ አላየሽውም? አሁን እንቅልፍ የሚነሳሽ ስለ መስቀሉ ማሰብ አይደለም፣ ስለ ቅዳሜ ማሰብ ነው።

ወደ ሐዋርያት ሥራ 15 ልውሰድሽ ምክንያቱም ጉዳዩ በግል አስተያየት አልቀረም፣ ቤተ ክርስቲያን ተሰብስባ የወሰነችበት ነው፣ በ49 ዓ.ም አካባቢ ኢየሩሳሌም ላይ። ከይሁዳ የወረዱ ሰዎች አንጾኪያ ላይ "እንደ ሙሴ ሥርዓት ካልተገረዛችሁ ትድኑ ዘንድ አትችሉም" እያሉ አስተማሩ። "ትድኑ ዘንድ አትችሉም" የሚለው ነው ሁሉን ነገር ያስነሳው፣ መገረዝ ጥሩ ልማድ ነው ብለው ቢያስተምሩ ኖሮ ጉባኤ የሚያስጠራ ነገር አልነበረም። ጴጥሮስ ተነስቶ አባቶቻችንም እኛም ልንሸከመው ያልቻልነውን ቀንበር ለምን በደቀ መዛሙርት ጫንቃ ላይ ትጭናላችሁ አለ፣ እነሱም እኛም የምንድነው በጌታ በኢየሱስ ጸጋ ነው አለ። መጨረሻ ላይ ብይኑን የሰጠው ያዕቆብ ነው። አዎ ያው ያዕቆብ፣ ብዙ ሊቃውንት "እምነት ያለ ሥራ የሞተ ነው" የሚለው መልእክት የሱ ነው የሚሉት። ለአሕዛብ በተጻፈው ደብዳቤ ላይ አራት ነገር ነው ያለው፦ ለጣዖት ከተሠዋ፣ ከደም፣ ከታነቀና ከዝሙት ራቁ። ሰንበት የለም። ዓሣ በክንፍና በቅርፊት መለየት የለም። እዚህ ስትደርሺ ቁጥር 21ን ያመጡብሻል፣ "ሙሴ በየሰንበቱ በምኩራብ ይነበባልና" የሚለውን፣ የቀረውን ቀስ በቀስ ይማሩታል ማለት ነው ይሉሻል። ደብዳቤው ላይ ግን ይህ ሐሳብ አልተጻፈም፣ አሕዛቡ የደረሳቸው "ከዚህ ከሚያስፈልገው በቀር ሌላ ሸክም እንዳንጭንባችሁ" የሚል ነው። ሌላ ሸክም እንደማይኖር በጽሑፍ ተነግሯቸው ሌላ ሸክም ቀስ ብሎ ይመጣል ማለት ከባድ ነገር ነው።

የምግቡ ነገር ደሞ ገላትያ 2 ላይ አለልሽ። ጴጥሮስ አንጾኪያ ላይ ከአሕዛብ ጋር አብሮ ይበላ ነበር፣ ከያዕቆብ ዘንድ ሰዎች ሲመጡ ፈርቶ ገበታውን ለቀቀ፣ በርናባስ እንኳ ተከተለው። ጳውሎስ ታዲያ ትልቁን ሐዋርያ በሁሉ ፊት ነው የተቃወመው። ለምን አልታገሰውም? ገበታው ላይ ቀርተው የነበሩት አሕዛብ አማኞች ያን ቀን "እናንተ ሁለተኛ ደረጃ ናችሁ" የሚል መልእክት ስለደረሳቸው ነው፣ አንድ ቃል ሳይነገር። ግሩፑ ውስጥ አንቺ የተሰማሽ ይሄው ነው፣ እና አልተሳሳትሽም፣ በእርግጥም እንደዛ እየተባልሽ ነው። በነገራችን ላይ አሳማ ስለመብላት የላክሽልኝ ረጅም ቮይስ ኩዌት ላለ ሰው ምን እንደሚጠቅም አልገባኝም፣ ፈልገሽም አታገኚውም። ሽሪምፑን ግን ብዪ። ዘሌዋውያን 11 ላይ መከልከሉ እውነት ነው፣ የተከለከለው ግን ለእስራኤል ነው፣ ከአሕዛብ ለመለየት፣ ያ መለያ ግድግዳ በክርስቶስ ፈርሷል ነው የኤፌሶን 2 ነገር። ባትወጂው ደሞ ተይው፣ ማንም አያስገድድሽም።

አሁን ወደ አብርሃም። የግሩፑ ሰዎች "ጸጋ ጳውሎስ ያመጣው አዲስ ነገር ነው" የሚሉት ኦሪትን ሳያነቡ ነው። ዘፍጥረት 15፥6 ላይ አብራም በእግዚአብሔር አመነ፣ ጽድቅም ሆኖ ተቆጠረለት። የተገረዘው መቼ ነው? ምዕራፍ 17 ላይ፣ 99 ዓመት ሲሞላው። በመሃል እስማኤል ተወልዷል፣ ያኔ አብራም 86 ዓመቱ ነበር፣ ስለዚህ ጻድቅ በተባለበት ቀንና በተገረዘበት ቀን መሃል ቢያንስ 13 ዓመት አለ። ሮሜ 4 ላይ ጳውሎስ የሚጠይቀው ይሄንኑ ነው፣ ጻድቅ የተባለው ተገርዞ ነው ሳይገረዝ? ሳይገረዝ ነው። ሕጉ የተሰጠበትን ሲናን እንተወው ገና አልመጣም፣ ገላትያ 3፥17 ላይ ሕጉ ከተስፋው ከ430 ዓመት በኋላ ነው የመጣው ይላል። ቅዳሜን ጠብቅ የተባለ አብርሃም መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የለም።

ሲና ራሱም ቢሆን... ብዙ የኛ ሰባኪዎች ብሉይ ኪዳን የሥራ፣ አዲስ ኪዳን የጸጋ ብለው ቆርጠው ይከፍሉታል፣ እኔ አልስማማም፣ ለአይሁድም ፍትሐዊ አይደለም። የዘጸአትን ቅደም ተከተል እዪ። በጉ የታረደው ምዕራፍ 12 ላይ ነው፣ ባሕሩ የተከፈለው 14 ላይ ነው፣ አሥርቱ ትእዛዛት የመጡት 20 ላይ ነው። የመጀመሪያው ቃል ደሞ ትእዛዝ አይደለም፣ ከግብፅ ምድር ከባርነት ቤት ያወጣሁህ እኔ ነኝ የሚል ነው። ሕጉን ጠብቁና አወጣችኋለሁ አላላቸውም፣ ጭቃ ረጋጭ ሆነው ሳለ አወጣቸው፣ ከዛ የወጣ ሰው እንዴት እንደሚኖር ነገራቸው። ስለዚህ ሕጉን ወደ መዳኛ ክፍያ የሚቀይር ሰው ጳውሎስን ብቻ አይደለም ሙሴንም ገልብጦ ነው የሚያነበው።

እና ስለ ሰንበት የምር ያናደደኝን ነገር ልጻፍልሽ። ትእዛዙን ዘዳግም 5 ላይ አውጥተሽ እስከ መጨረሻው አንብቢው። ለማን ነው የተነገረው? ቤት ላለው፣ በሬና አህያ ላለው፣ ሠራተኛ ላለው ሰው ነው። አንተ አትሥራ፣ ልጆችህም፣ ሎሌህም፣ ገረድህም፣ በደጅህ ያለ እንግዳም አይሥራ ብሎ ምክንያቱን ይነግረዋል፣ "ሎሌህም ገረድህም እንደ አንተ ያርፉ ዘንድ"። (ቃሉ ዛሬ ጆሮ ላይ ደስ አይልም ይቅርታ፣ የተጻፈው እንዲህ ነው።) ከዛ ይቀጥልና አንተም በግብፅ ባሪያ እንደነበርክ አስብ ይለዋል። ገባሽ? በዚህ ትእዛዝ ውስጥ አንቺ ያለሽበት ቦታ የሚታረፍላት ቦታ ነው። ተጠያቂው ዕረፍት የከለከለሽ ሰው ነው እንጂ ዕረፍት የተከለከልሽው አንቺ አይደለሽም። እግዚአብሔር ሠራተኛይቱን ከጌታዋ ለመከላከል የሰጠውን ሕግ አምጥተው ሠራተኛይቱን ከሰሱበት። እኔ ጸጋን ባላምን እንኳ፣ ኦሪትን ብቻ ይዤ ብከራከር፣ ይሄ ክስ ኦሪት ፊት አይቆምም።

ሌላው ነገር ደሞ ሕግ እንጠብቃለን የሚል ሰው እንደ ሕጉ ይጠብቅ። ዘጸአት 35፥3 ላይ በሰንበት እሳት አታንድዱ ይላል፣ ዘኁልቁ 15 ላይ በሰንበት እንጨት ሲለቅም የተገኘ ሰው በድንጋይ ተወግሯል። አይሁድ በልማድ 613 ትእዛዝ ይቆጥራሉ፣ ከዛ ውስጥ ብዙው ከመቅደስና ከመሥዋዕት ጋር የተያያዘ ነው፣ መቅደሱ ደሞ በ70 ዓ.ም በሮማውያን ከፈረሰ ወዲህ የለም። ስለዚህ ዛሬ ሕጉን ሙሉ በሙሉ የሚጠብቅ ሰው ዓለም ላይ የለም፣ መርጦ የሚጠብቅ ነው ያለው። የግሩፑ ሰዎችም መርጠዋል፣ ቅዳሜን ያዙ፣ ሽሪምፕን ያዙ፣ መሥዋዕቱን ተዉት። መምረጣቸው አይደለም ችግሩ፣ እነሱ በመረጡት ልክ ያንቺን መዳን መለካታቸው ነው። ያዕቆብ 2፥10 ራሱ ሕግን ሁሉ ጠብቆ በአንዱ የተሰናከለ በሁሉ በደለኛ ነው ይላል፣ በዚህ መንገድ የሚገባ ሰው በግማሽ አይገባም።

"ሕግን ለመሻር የመጣሁ አይምሰላችሁ" የሚለው የማቴዎስ 5 ቃል እንደሚመጣብሽ አውቃለሁ። ጌታ አልሻረም፣ ልክ ነው፣ "ልፈጽም" ነው ያለው፣ እና ፈጸመ፣ እኛ ያልቻልነውን እሱ ችሎ። ደሞ ይሄ የጳውሎስ ብቻ ነገር ነው ለሚሉሽ ሉቃስ 18ን አንብቢላቸው። ፈሪሳዊው በሳምንት ሁለቴ ይጾማል፣ አሥራቱን ያወጣል፣ አልዋሸም፣ የእውነት የሚያደርግ ሰው ነው። ቀራጩ የሚቆጥረው ምንም ነገር አልነበረውም፣ ደረቱን እየደቃ ማረኝ ብቻ ነው ያለው። ጻድቅ ሆኖ ወደ ቤቱ የተመለሰው ማነው? ይሄን የተናገረው ጳውሎስ ገና ሳያምን ጌታ ራሱ ነው።

ያዕቆብን አልሸሽም፣ ምክንያቱም በጣም የሚያስጨንቅሽ እሱ እንደሆነ ጽፈሻል። 2፥24 "ሰው በእምነት ብቻ ሳይሆን በሥራ እንዲጸድቅ ታያላችሁ" ይላል፣ ጳውሎስ ሮሜ 3፥28 ላይ ሰው ያለ ሕግ ሥራ በእምነት ይጸድቃል ይላል። ሁለቱ ተጣሉ? ሁለቱም ምስክር አድርገው የጠሩት አብርሃምን ነው፣ ግን ከተለያየ ቀን ነው የጠሩት። ጳውሎስ የሚያወራው ስለ ዘፍጥረት 15 ነው፣ አብርሃም ምንም ሳያደርግ ከዋክብት ቁጠር ተብሎ ስላመነበት ማታ። ያዕቆብ የሚያወራው ስለ ዘፍጥረት 22 ነው፣ ይስሐቅን ወደ ተራራ ስለወሰደበት ቀን፣ እሱ ደሞ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ያዕቆብ ራሱ ይህን ካለ በኋላ "አብርሃም አመነ ጽድቅም ሆኖ ተቆጠረለት ያለው መጽሐፍ ተፈጸመ" ይላል፣ ማለት ያኔ የተቆጠረለት እምነት እውነተኛ እንደነበረ በኋላ ታየ። የሚቃወመውም "አምናለሁ" ብሎ የተራበ ወንድሙን በደህና ሂድ፣ እሳት ሙቅ ብሎ የሚሸኝ ሰውን ነው፣ አጋንንትም ያምናሉ ይንቀጠቀጣሉም የሚለው ለሱ ነው። ያዕቆብ ሥራ ሲል የጠቀሰውን ደሞ እዪው፣ የራበውን ማብላት፣ የታረዘውን ማልበስ፣ ረዓብ መልእክተኞቹን ተቀብላ በሌላ መንገድ መሸኘቷ። ቀንና ምግብ አልጠቀሰም። አንቺ ከደሞዝሽ ላይ ቀንሰሽ የታመመችዋን የሀገርሽን ልጅ አሳክመናታል ብለሽ በጥያቄሽ መሃል እንደ ተራ ነገር ጣል አድርገሽ አልፈሻል፣ ያዕቆብ ቢያነበው ስለ እምነትሽ የሚጨነቅ አይመስለኝም።

ስለ ሮሙ ንጉሥ ስለ ቆስጠንጢኖስ ቶሎ ልለፍ፣ ሰንበትን ወደ እሁድ የቀየረው እሱ ነው የሚለው ታሪኩን ያላነበበ ሰው ወሬ ነው። ቆስጠንጢኖስ በ321 እሁድ የሥራ ማቆሚያ እንዲሆን አወጀ፣ ክርስቲያኖች ግን እሁድ ሲሰበሰቡ ኖረዋል፣ ሰማዕቱ ዮስጢኖስ በ150ዎቹ ሮም ላይ ሆኖ የእሁዱን ጉባኤ ዘርዝሮ ጽፎታል። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ከሱ በፊት ያለው ነው። በ112 አካባቢ ፕሊኒ የሚባል የሮም መንግሥት አገረ ገዢ ለንጉሡ ለትራጃን ሲጽፍ ክርስቲያኖቹ በተወሰነ ቀን ጎህ ሳይቀድ ተሰብስበው ለክርስቶስ እንደ አምላክ ይዘምራሉ ይላል። በሌሊት ለምን? ከመሃላቸው ብዙዎቹ ባሪያና የሰው ቤት ሠራተኛ ስለነበሩ ነው ብዬ አስባለሁ፣ ሲነጋ ሥራ ይጠብቃቸዋል። ፕሊኒ እውነቱን ላውጣ ብሎ አሠቃይቶ የመረመራቸውም ሁለት ባሪያ ሴቶችን ነው፣ በማኅበሩ ውስጥ አገልጋይ ይባሉ የነበሩ። የዕረፍት ቀን ምረጪ የሚላቸው አልነበረም። እነዚህ ሴቶች ቀን ባለመጠበቃቸው አልዳኑም ልንል ነው?

አንቺ ኦርቶዶክስ ቤት ስላደግሽ "የኛ አባቶች ቅዳሜን ጠብቀው የለ እንዴ" የሚለው ልብሽን እንደነካው ጽፈሻል። ጠብቀዋል፣ እውነት ነው። የአባ ኤዎስጣቴዎስ ተከታዮች ለዚህ ሲሉ ተሰደዋል፣ በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ በዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ቅዳሜም እሁድም እንዲከበር ተወሰነ። ግን ለምን ብለው ይጠብቁ እንደነበር ራሳቸው ጽፈውልናል፣ ግሩፑ ይሄን አያነብልሽም። ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን መጥተው እናንተ እንደ አይሁድ ናችሁ ሲሏቸው ዐፄ ገላውዴዎስ በ1555 የእምነት መግለጫ አወጡ። ቅዳሜን የምናከብረው ውሃ እንደማይቀዱት፣ እሳት እንደማያነዱት አይሁድ አይደለም፣ ቁርባን እናቀርብበታለን፣ ማዕድ እናደርግበታለን አሉ። ግዝረትስ? የሀገር ልማድ ነው፣ በኢትዮጵያና በኖባ ፊት እንደሚበጣው ማለት ነው አሉ፣ ጳውሎስ መገረዝም አለመገረዝም አይጠቅምም ማለቱን እናውቃለን ብለው። አሳማም የሚበላውን አንጸየፍም፣ የማይበላውንም አናስገድድም አሉ፣ ሮሜ 14ን ጠቅሰው። የሀገራችን ንጉሥ ከ470 ዓመት በፊት የመለሱት ጥያቄ ነው አሁን ቴሌግራም ላይ አዲስ ሆኖ የቀረበልሽ።

እዚህ ላይ ለእውነት ያህል፣ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶና እኛ ወንጌላውያን እምነትና ሥራ እንዴት እንደሚያያዙ፣ ጥምቀትና ቁርባን በመዳን ውስጥ ያላቸው ቦታ ላይ እንለያያለን፣ አንለያይም ብል እዋሻለሁ። ግን "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ" እያለች ያሳደገችሽ እናት በጾሟ መንግሥተ ሰማይ የምትገዛ መስሏት አይደለም፣ ማረኝ እኮ ነው የምትለው፣ ያ የቀራጩ ጸሎት ነው። አድቬንቲስቶችም ቢሆኑ ቅዳሜን ይጠብቃሉ፣ ቤተ ክርስቲያናቸው የምታስተምረው ግን የዳንነው በጸጋ ነው፣ የምንጠብቀው ለመዳን አይደለም የሚል ነው። ከነሱ ጋር ስለ ቀኑ እከራከራለሁ፣ ወንድሞቼ እንደሆኑ ግን አልጠራጠርም። ያንቺ ግሩፕ ከዛ አልፏል።

ስለ ጃንደረባው ደሞ ሳልጽፍ ማለፍ አልፈልግም፣ ሐዋርያት ሥራ 8 ላይ ያለው፣ ሁላችንም በኩራት የምንጠቅሰው። (ንግሥቱ ህንደኬ የነገሠችበት መርዌ የዛሬዋ ሱዳን ውስጥ ነው የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን።) ይህ ሰው ያን ሁሉ በረሃ አቋርጦ ኢየሩሳሌም ሊሰግድ ሄደ፣ ግን ዘዳግም 23፥1 ላይ የተሰለበ ሰው ወደ እግዚአብሔር ጉባኤ አይግባ ይላል። ቢገረዝ፣ ቢጾም፣ ቅዳሜን ቢጠብቅ ያ ነገር የሚስተካከል አይደለም፣ ሰውነቱ ላይ የተደረገ ነው፣ ምናልባትም ሳይጠየቅ። ኢሳይያስ 56 ላይ ለጃንደረቦች ተስፋ አለ፣ እዛ ሰንበትም ተጠቅሷል ብለው ቢያመጡብሽ እውነት ነው ተጠቅሷል፣ ግን መንገዱ ላይ ውሃ ሲያገኙ "እንዳልጠመቅ የሚከለክለኝ ምንድር ነው?" ብሎ ሲጠይቅ ፊልጶስ ሰንበት ጠብቀህ ታውቃለህ ወይ አላለውም። ከሠረገላው አብረው ወረዱ። የከለከለው ነገር አልነበረም።

"ታዲያ ጸጋ ከሆነ እንደፈለግን እንኑራ" የሚለው ለጳውሎስም ቀርቦለታል፣ ሮሜ 6 ላይ፣ አይደለም ነው ያለው። እንደውም ጸጋ ስትሰብኪ ይሄ ጥያቄ አንድም ጊዜ ካልተነሳብሽ ምናልባት ጸጋን በደንብ አልሰበክሽም። ኤፌሶን 2፥8 እና 9ን ሁሉም ይጠቅሳል፣ "ጸጋው በእምነት አድኖአችኋልና፤ ይህም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው እንጂ ከእናንተ አይደለም፤ ማንም እንዳይመካ ከሥራ አይደለም"፣ ቁጥር 10ን ግን ይዘሉታል፣ መልካሙን ሥራ ለማድረግ ተፈጠርን ይላል። በ96 አካባቢ የሮም ቤተ ክርስቲያን መሪ ቀሌምንጦስ ዘሮም ለቆሮንቶስ ሲጽፍም በሥራችን አይደለም የጸደቅነው በእምነት ነው ብሎ፣ ወዲያው በሚቀጥለው ምዕራፍ እንግዲህ መልካም ከማድረግ እንስነፍ? ብሎ ጠይቆ አይሁንብን ይላል። እና አዎ፣ ጸጋን ማምለጫ ያደረጉ ሰዎች አሉ፣ በየቸርቹ አይቻቸዋለሁ፣ ሰው እያስለቀሱ "ጸጋው በዝቶልኛል" የሚሉ። ለነሱ መድኃኒቱ ግን ቅዳሜ አይደለም፣ ቅዳሜን እየጠበቁም ሰው ማስለቀስ ይቻላል።

ምን ላድርግ ላልሽው፣ ግሩፑን ለቀሽ ውጪ። አትሳደቢ፣ አትከራከሪ፣ ልጅቷን ጓደኛሽን ግን አትተያት፣ እሷም ፈርታ ነው የገባችው። ዓርብ ቸርች መሄድሽ ኃጢአት አይደለም፣ ባሕረ ሰላጤው አገር ብዙ ቤተ ክርስቲያን ዋናውን ጉባኤ ዓርብ የሚያደርገው ሰው የሚለቀቀው ያኔ ስለሆነ ነው፣ ሮሜ 14፥5 እያንዳንዱ በገዛ አእምሮው አጥብቆ ይረዳ ይላል። አንድ ቀን ሀገርሽ ገብተሽ የራስሽ ቤት ኖሮሽ ቅዳሜን ላርፍ ብትዪ እረፊ፣ ደስ ይበልሽ፣ ማንንም አትክሰሺበት፣ ቤትሽ ሠራተኛ ካለች ደሞ እሷም ትረፍ። ለጊዜው ቮይሶቹን አጥፊና ገላትያን ድምፅ አውጥተሽ አንብቢው፣ ስድስት ምዕራፍ ብቻ ነው፣ ማታ ክፍልሽ ገብተሽ ባንድ ቁጭታ ትጨርሺዋለሽ። 3 ላይ ከቁጥር 15 እስከ 20 ያለው ተማሪዎቼንም የሚከብዳቸው ቦታ ነው፣ ካልገባሽ ዝለዪውና ቀጥዪ፣ ስለሱ ከፈለግሽ ለብቻው እጽፍልሻለሁ።